ለእያንዳንዱ ዘንግ የራሱ ውኃ

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካለው ካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ ለመውረድ ያሰበ ዓሣ አጥማጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዘንጉ ስንት ሜትር ይሁን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነሣው ረጅም ዘንግ ትልቅ ዓሣ ይይዛል፣ አጭሩ ለትንሽ ዓሣ ነው ከሚል እምነት ነው። ጀልባው በዝግታ እየሄደ ማባበያ ከኋላ እየጎተቱ ለሚያጠምዱ ሰዎች ይህ እምነት አይሠራም። እዚህ ላይ የዘንጉን ርዝመት የሚወስነው የጀልባው ወርድ፣ የዘንጎቹ ብዛትና ጀልባው ሲዞር በክሮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው።

ይህ አጠማመድ ትሮሊንግ ይባላል። ከዳር ቆሞ የሚያጠምድ ሰው አንድ ቦታ መርጦ ዓሣው እስኪመጣ ይጠብቃል። ትሮሊንግ የሚያደርግ ሰው ግን ሰፊ ውኃ እያሰሰ ወደ ዓሣው ይሄዳል። ጥቅሙ ከዚሁ ይመነጫል፤ ችግሩም እንዲሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ክር ከአንድ ጀልባ ኋላ ሲጎተት ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ከተከማቸ አራቱ ክር የሚያስሰው አንዱ ያሰሰውን ውኃ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው መዞሪያ ላይም እርስ በርሳቸው ይተበተባሉ።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ታዲያ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ዘንግ ሌላ ክር የማይገባበት የራሱ ውኃ ሊኖረው ይገባል። ርዝመትም፣ አቀማመጥም፣ የክር ልክም የሚመረጠው ይህን ለማግኘት ነው።

የሚያሳድድ ዓሣ የት አለ?

ትሮሊንግ ለሁሉም ሐይቅ አይሆንም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አሳድዶ የሚነክስ ዓሣ ይፈልጋል። በጾም ሰሞን በቂርቆስ ምግብ ቤቶች በጉላሽና በጥብስ መልክ የሚቀርበው ቆሮሶ ከዝዋይ፣ ከጫሞ ወይም ከጣና በመረብ ተይዞ የሚመጣ ነው። ቆሮሶ በዋናነት የሚመገበው በውኃ ውስጥ የሚገኝ ደቃቅ አልጌ ስለሆነ የሚጎተት ማባበያ አያጓጓውም። አምባዛ ሥጋ ይበላል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ምግቡን የሚፈልገው በሐይቁ ወለል ላይ እያሸተተና እየዳሰሰ ስለሆነ ለእርሱ ቆሞ መጠበቅ ይሻላል። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ሳለ የትሮሊንግ ሐይቅ ያልሆነው ለዚህ ነው።

የአገራችን ትሮሊንግ ንጉሥ ናይል ፐርች ነው። በጫሞና በአባያ ሐይቆች፣ በባሮና በኦሞ ወንዞች፣ እንዲሁም በዓባይ የታችኛው ክፍል ይኖራል። ሌሎች ዓሦችን እያደነ የሚበላ፣ አፈ ሰፊና ጉልበተኛ ዓሣ ነው። በዘንግ ከተያዙት ሁሉ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተመዘገበው ትልቁ 104 ኪሎ ግራም አልፎ የተመዘነ ሲሆን የተያዘው በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በግብፅ ናስር ሐይቅ ውስጥ ነው። ናስር የዓባይ ውኃ የሚጠራቀምበት ሐይቅ ነው፤ ያም ሆኖ በዚያው ወንዝ መነሻ በጣና ውስጥ ናይል ፐርች የለም። ወደ 40 ሜትር የሚጠጋው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጡትን ዓሦች መንገድ ይዘጋባቸዋል።

ጣና ግን ባዶውን አልቀረም። ከታች ተነጥሎ በመኖሩ የራሱን አዳኞች አፍርቷል። ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ባካሄዱት ጥናት በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎችን ለይተዋል። ከእነዚህ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚገርመው በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ያሳደዱትን ትንሽ ዓሣ በአፋቸው ስበው ይውጡታል። እነዚህ ዓሦች በዝግታ የሚጎተት ትንሽ ማባበያ ይከተላሉ።

ስለዚህ ከቂርቆስ ተነሥቶ ለትሮሊንግ የሚጓዝ ሰው ዋነኛ መድረሻዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ወደ ደቡብ፣ እንደሚመርጡት መንገድ ከ450 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚደርሱበት ጫሞ ነው። ሁለተኛው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የባሕር ዳሩ ጣና ነው። ሁለቱም ጥልቀታቸው ከ15 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቆች ናቸው። ይህ ለአጥማጁ ትልቅ ነገር ነው፤ በጥልቅ ባሕር ላይ የሚያስፈልገው ከባድ የማስጠሚያ መሣሪያ እዚህ አያስፈልግም። ክርን ወደ ታች ከማድረስ ይልቅ ወደ ጎን መዘርጋት ዋናው ሥራ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ የሚሠራው ዘንጉ ነው።

ርዝመት የሚሠራቸው ሦስት ሥራዎች

የዘንግ ርዝመት የመጀመሪያ ሥራው ክሩን ከጀልባው ማራቅ ነው። ሞተሩ የሚያናውጠው ውኃና የጀልባው ጥላ ዓሣን ያሸሻል፤ በተለይ ውኃው ጠራ ባለበት ስፍራ። ከጀልባው ጎን ሦስት ሜትር ወጥቶ የሚሄድ ማባበያ ያልተረበሸ ውኃ ውስጥ ያልፋል። ጀልባው ሲያልፍ ወደ ጎን የሸሸ ዓሣም እዚያው ሊያገኘው ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ድንጋጤን ማብረድ ነው። በሚሄድ ጀልባ ላይ ዓሣ ሲነክስ የዓሣው ጉልበትና የጀልባው ጉዞ ባንድ ጊዜ ክሩን ይጎትቱታል። ናይሎን ክር በመለጠጥ ከዚያ ኃይል የተወሰነውን ይውጣል። የተገመደ ክር ግን እምብዛም ስለማይለጠጥ ድንጋጤውን መሸከም ያለበት ዘንጉ ነው። ረጅምና ለስላሳ ዘንግ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፣ የዓሣው አፍም አይቀደድም። አፉ ለስላሳ የሆነውን የጣና ባርበስ ለማጥመድ ይህ ጠባይ ብዙ ይረዳል።

ሦስተኛው ግን ርዝመት ዕዳ የሚሆንበት ነው። ዘንግ ማለት ከጫፉ ዓሣው፣ ከሥሩ ደግሞ አጥማጁ የሚስቡት ማንሻ ነው። ከእጅ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ክንድ የሚሸከመውም ጫና እጥፍ ይሆናል። ዘንጉ ሲታጠፍ ጫናው የተወሰነ ይቀንሳል፤ ሆኖም ረጅሙ ዘንግ ምንጊዜም ለዓሣው ያደላል። 30 ኪሎ የሚመዝን ናይል ፐርች ከጀልባው ሥር ሆኖ ወደ ታች ሲጠልቅ 3.6 ሜትር ዘንግ ይዞ መቋቋም ወገብ ይሰብራል። ናይል ፐርች የሚያጠምዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.8 እስከ 2.1 ሜትር የሆነ ወፍራም ዘንግ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

እንግዲህ «ለትልቅ ዓሣ ረጅም ዘንግ» የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይገለበጣል። ከትልቅ ዓሣ ጋር ለመታገል አጭሩ ይሻላል፤ ውኃውን ለመከፋፈል ረጅሙ። አንድ ዘንግ ሁለቱንም አሟልቶ አይሠራም፤ ስለዚህ በአንድ ጀልባ ላይ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዘንጎች አብረው መኖር አለባቸው።

ሜትሩን እናስላ

አንድ ጀልባ እንውሰድ፤ ወርዱ 1.8 ሜትር፣ አራት ዘንግ የሚጭን። መጀመሪያ አራቱም ዘንጎች 2.1 ሜትር የሆኑ እኩል ዘንጎች ናቸው እንበል። ከእያንዳንዱ 0.5 ሜትሩ እጀታ ስለሆነ ከጀልባው ጠርዝ ውጭ የሚወጣው 1.6 ሜትር ነው። የፊተኞቹ ሁለት ዘንጎች በግራና በቀኝ ቀጥ ብለው ወደ ጎን ቢወጡና ጫፋቸው 30 ዲግሪ ወደ ላይ ቢነሣ፣ በአግድም የሚደርሱት 1.4 ሜትር ያህል ነው። ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ያለው ስፋት 4.6 ሜትር ይሆናል። አራት ክር በዚህ ስፋት ላይ እኩል ቢከፋፈል በሁለት ክሮች መካከል የሚቀረው 1.5 ሜትር ብቻ ነው።

አሁን የፊተኞቹን ሁለቱን ብቻ በ3.6 ሜትር ዘንጎች እንተካቸው። 0.6 ሜትሩ እጀታ ቢሆን 3 ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ በ30 ዲግሪ ሲነሣ በአግድም 2.6 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ 7 ሜትር ሆነ። በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ወደ 2.3 ሜትር አደገ። ሁለት ዘንግ ብቻ በመለወጥ የምናስሰው ውኃ በግማሽ ጨመረ ማለት ነው።

ከዚሁ ስሌት የምናገኘው ሌላ ትምህርት አለ። ክፍተቱ እኩል 2.3 ሜትር እንዲሆን የኋለኞቹ ዘንጎች ጫፍ ከጀልባው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ መውጣት አለበት። ይህ ማለት የኋላ ዘንጎች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ፣ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ዘመም ብለው ይቀመጣሉ ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ሁሉንም ዘንግ በጎንና በኋላ መካከል በ45 ዲግሪ ይዘረጋሉ። ሲያዩት ያምራል፤ ግን የፊተኛው ዘንግ ርዝመቱ የሚሰጠውን ስፋት በሩብ ያህል ይቀንስበታል፣ የኋለኛው ደግሞ ወደ ፊተኛው ክር ይጠጋል። በውጤቱ ከጀልባው በስተጀርባ መካከሉ ባዶ ይቀራል፣ ጎኑ ይጨናነቃል።

ደንቡ ስለዚህ ቀላል ነው፦ ረጅሙ ከፊት ሆኖ ወደ ጎን፣ አጭሩ ከኋላ ሆኖ ወደ ኋላ። ቦታቸው ቢለዋወጥ፣ ማለትም አጭሩ ከፊት ረጅሙ ከኋላ ቢሆን፣ የፊተኛው ክር ወደ ኋላ ሲሄድ በኋለኛው ዘንግ ሥር ያልፋል። የኋለኛው ዘንግ ዓሣ ሲይዝና ሲታጠፍ ሁለቱ መገናኘታቸው አይቀርም። በሦስት ዘንግ የሚሠራ ሰውም ይህንኑ ይከተላል፤ ሁለት ረጅም በግራና በቀኝ፣ አንድ አጭር ከኋላ መካከል ላይ።

ለረጅሞቹ ዘንጎች ምን ይሻላል ለሚል፣ ከካርቦን ይልቅ የመስታወት ፋይበር ወይም የሁለቱ ቅልቅል ይመረጣል። ካርቦን ቀላልና ስሜቱ ፈጣን ነው፤ መታጠፍና መጋጨት ሲበዛበት ግን የመስታወት ፋይበሩ የበለጠ ይችላል። ቀኑን ሙሉ በመያዣ ውስጥ ተቀምጦ ለሚታጠፍ ዘንግ ክብደት ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ጽናት ነው የሚፈለገው።

ከፍታ፣ የክር ልክና ጥልቀት

ወርድ ብቻውን ክሮችን አይለያይም። ሁለተኛው መለያ ከፍታ ነው። የውጪዎቹ ረጅም ዘንጎች ጫፋቸው ከፍ ይላል፤ የውስጦቹ አጫጭር ዘንጎች ደግሞ ጫፋቸው ወደ ውኃው ዝቅ ይላል። እንዲህ ሲሆን ክሮቹ የሚተላለፉበት ጊዜ ቢመጣ እንኳ የውጪው ከላይ፣ የውስጡ ከታች ያልፋል።

ሦስተኛው የክር ልክ ነው። የውጪዎቹ ክሮች ረጅም፣ የውስጦቹ አጭር ይለቀቃሉ። ለመነሻ የሚሆን ልክ ልስጥ፤ የውስጦቹ 20 ሜትር፣ የውጪዎቹ ከ35 እስከ 40 ሜትር። የውስጦቹ ማባበያዎች ጠልቀው የሚሄዱ፣ የውጪዎቹ ደግሞ ከላይ የሚሄዱ ዓይነት ይሁኑ። በዚህ አሠራር አራቱ ማባበያዎች በስፋትም፣ በርቀትም፣ በጥልቀትም ይለያያሉ። አንዱ የሌላውን ውኃ አይነካም።

ውኃው ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል። አባያ በደለል ምክንያት ቀይ ቡናማ ነው፤ ዓሣው ከሩቅ ስለማያይ ክሩን ማሳጠር ጉዳት የለውም። ማባበያው ግን እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚሰጥ ቢሆን ይመረጣል። ጫሞ ከአባያ ይልቅ ጠራ ይላል፤ እዚያ ማባበያውን ከሞተሩ ማራቅ ይበጃል። ወፍራም ክር ውኃው ይበልጥ ስለሚገፋው ማባበያውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ቀጭኑ ግን እንዲጠልቅ ይፈቅዳል። ስለዚህ በአንድ ጎን ወፍራም፣ በሌላው ጎን ቀጭን ክር ያለው ሰው እኩል ሜትር ቢለቅም እኩል ጥልቀት አያገኝም። ክሩ ላይ በየ10 ሜትሩ በቀለም ምልክት ማድረግ ይህን ሁሉ በዓይን እንዲታይ ያደርገዋል።

ዘንጉን የሚይዘው መያዣም ከርዝመቱ ጋር አብሮ ይታሰብ። ለጎብኚዎች የተሠራ ጀልባ መያዣ ላይኖረው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ለፀሐይ የተዘረጋ ጣሪያ አለው። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጣሪያውን ይመታል፣ ዓሣ ሲነክስም ለማንሣት ያስቸግራል። በጠርዙ ላይ በብሎን የሚጠብቅ፣ ማዕዘኑን ማስተካከል የሚቻል መያዣ ይዞ መሄድ ይህን ችግር ይፈታል። ረጅም ዘንግ በመያዣው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከአጭሩ ስለሚበልጥ ለፊተኞቹ የጠርዙ ጠንካራ ክፍል ይመረጥ። እያንዳንዱ ዘንግም በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰር። የማጠንጠኛው ፍሬን ክሩ ከሚችለው ኃይል ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንዳይጠብቅ፤ 18 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ፍሬኑ በ6 ኪሎ ክር መልቀቅ መጀመር አለበት።

መዞሪያው ፈተና ነው

ቀጥ ባለ መስመር ላይ መጥፎ አቀማመጥም ሊያስኬድ ይችላል። እውነቱ የሚወጣው ጀልባው ሲዞር ነው። ጀልባችን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ከመሐል እስከ ጠርዝ 20 ሜትር በሆነ ክብ ላይ ዞረ እንበል። በስተውስጥ ያለው የዘንግ ጫፍ የሚሄደው 16.5 ሜትር በሆነ ክብ ላይ ስለሆነ ፍጥነቱ ወደ 4.1 ይወርዳል። በስተውጭ ያለው በ23.5 ሜትር ክብ ላይ ስለሚሮጥ ወደ 5.9 ይወጣል። አንዱ ማባበያ ሲዘገይ ሌላው ይፈጥናል። የተለቀቀው ክርም የጀልባውን ዱካ በትክክል አይከተልም፤ ወደ መዞሪያው ውስጥ አቋርጦ ይሄዳል። መዞሪያው በጠበበ ቁጥር የዘገየው ማባበያ ይሰጥማል ወይም ይንሳፈፋል፣ የፈጠነውም ወደ እርሱ ይመጣል።

ስለዚህ ጀልባ ነጂው ከጉዞው በፊት ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። ጎብኚ የሚያመላልስ ሰው አዞ ወይም ጉማሬ ባየ ጊዜ በቶሎ መዞር የለመደ ነው። ከኋላው 40 ሜትር ክር እንዳለ፣ መዞር ሲያስፈልገው ሰፊ አድርጎ እንዲዞር፣ ሞተሩንም በድንገት እንዳያቆም በአክብሮት ማስረዳት ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል። ነጂው ሐይቁን ያውቃል፤ አጥማጁ ክሩን ያውቃል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ የተነሡ እንደሆነ የትኛውም አቀማመጥ አያድናቸውም።

መዞሪያው መረጃም ይሰጣል። ዓሣው በስተውስጥ ያለውን፣ የዘገየውን ማባበያ ከነከሰ ጀልባው ፍጥነት ይቀንስ ማለት ነው። በስተውጭ ያለውን ከነከሰ ደግሞ ይጨምር። ተደጋግሞ የታየ እንደሆነ ቀጥ ባለው ጉዞ ላይም ፍጥነቱን በዚያው ማስተካከል ነው።

ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ረጅሙ ዘንግ ጠባዩ ይለወጣል። ጀልባው 10 ዲግሪ ወደ ጎን ሲያዘነብል ከመሐሉ 3.5 ሜትር የራቀ የዘንግ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ያህል ይወጣል። ማባበያው አንዴ ይወረወራል፣ አንዴ ይቆማል። በጫሞም በአባያም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲበረታ ረጅሞቹን ሰብስቦ በአጫጭሮቹ ሁለት ብቻ መቀጠል፣ ወይም ወደ ዳር መመለስ ተገቢ ነው። ለአራት ዘንግ የሚሆነው ሰዓት ውኃው ገና ጸጥ ያለበት ጠዋት ነው።

ቅደም ተከተል

ዘንጎቹ በትክክል ተቀምጠውም ክሮቹ ሲለቀቁና ሲሰበሰቡ ሊያያዙ ይችላሉ። ሲለቀቅ ጀልባው ቀጥ ብሎ እየሄደ በመጀመሪያ የውጪዎቹ ረጅም ክሮች ይለቀቁ፤ ቀጥለው የውስጦቹ። ሲሰበሰብ የውስጦቹ አስቀድመው ይግቡ፣ የውጪዎቹ በመጨረሻ።

ዓሣ በውስጠኛው ክር ከያዘ ነገሩ ቀላል ነው፤ በአጭር ዘንግ፣ በአጭር ርቀት፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጀልባው ኋላ ይመጣል። በውጪው ክር ከያዘ ጀልባው ወዲያው አይቁም። በዝግታ ወደ ፊት እየሄደ በዚያው ጎን ያለው የውስጥ ክር ይሰብሰብ፤ ከዚያ የቀሩት። ጀልባው ከቆመ የቀሩት ማባበያዎች ይሰጥማሉ፣ ክሮቹም ይላላሉ፣ የሚዋኘው ዓሣም በውስጣቸው ያልፋል። በረጅም ዘንግ ላይ ትልቅ ናይል ፐርች ከገጠመ ዘንጉን ከአግድም ብዙ ከፍ አለማድረግ ይረዳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጫናው በዘንጉ ጫፍ ላይ ይበረታል። ዘንጉን ወደ ጎን ዝቅ አድርጎ መሳብ፣ ጀልባውንም ቀስ በቀስ ወደ ዓሣው ማስጠጋት የተሻለ ነው።

ከመሄድ በፊት፣ ካዛንቺስ ላይ

ቂርቆስ ውስጥ ዓሣ የሚጠመድበት ሐይቅ የለም። አቀማመጡን ለመማር ግን ሐይቅ አያስፈልግም፤ ጥቂት ካሬ ሜትር የግቢ መሬት ወይም የኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ይበቃል። የሚከራዩትን ጀልባ ወርድና ርዝመት ባለቤቱን በስልክ ይጠይቁና በመሬት ላይ በኖራ ያስምሩት። በጠርዙ ላይ በርጩማ ያስቀምጡ፣ ዘንጎቹን በታሰበው ማዕዘን ያስደግፉ፣ ከየጫፋቸው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ ሲባጎ ይዘርጉ። በሲባጎዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሜትር ይለኩ። 45 ዲግሪ የሚያጠፋው ስፋት፣ የኋለኛው ዘንግ ለምን ቀጥ ማለት እንዳለበት፣ ሁሉም በዚያ መሬት ላይ ይታያል። አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ የለካ ሰው ሐይቁ ላይ ውድ ሰዓት አያባክንም።

ሌላው ጉዳይ መጓጓዣ ነው። 3.6 ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ዘንግ በቤት መኪና ውስጥ አይገባም፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ደግሞ ይሰበራል። ሁለት ቁራጭ የሆነው ከ1.8 ሜትር በላይ፣ ሦስት ቁራጭ የሆነው ከ1.2 ሜትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል የሚያስመጣ ሰው የሻንጣውን ልክ አስቀድሞ ያስብ፤ አራት ቁራጭ የሆነ የጉዞ ዘንግ ለዚህ የተመቸ ነው። በአንቴና መልክ የሚመዘዘው ዘንግ ለመያዝ ይቀላል፤ ነገር ግን ለከባድ ናይል ፐርች አይታመንም፣ ለጣና ባርበስ ግን በውጪው ቦታ ላይ ያገለግላል።

ረጅም ዘንግ ያላገኘ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ከአርባ ምንጭ በላይ ባሉት የጨንቻና የዶርዜ ደጋዎች ቀርከሃ ሞልቷል፤ የዶርዜ ቤት የሚሠራው በእርሱ ነው። አራት ሜትር የሆነ ደረቅ ቀርከሃ ከጀልባው ጎን ወደ ውጭ ታስሮ፣ በጫፉ ላይ ክሩን ቀለል አድርጎ የሚይዝ የልብስ መቆንጠጫ ቢደረግበት የአጭሩን ዘንግ ክር ወደ ጎን ያደርስለታል። ዓሣ ሲነክስ መቆንጠጫው ክሩን ይለቀዋል፤ አጥማጁም የሚታገለው በአጭሩ ዘንግ ነው። በዓለም ትልልቅ የባሕር ጀልባዎች ላይ ያለው የጎን ክንፍ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ርዝመት ለስፋት፣ አጭርነት ለትግል ያልነው እዚህ ላይ ተለያይቶ ሁለቱም ሥራቸውን ያገኛሉ።

ስንት ዘንግ ይበቃል?

በጣና ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ለሚሄድ ሰው አንድ አጭር ዘንግ ይበቃዋል። ታንኳው ጠባብና ቀላል ስለሆነ ወደ ጎን የወጣ ረጅም ዘንግ ሚዛኑን ያዛባበታል፤ በመቅዘፊያ የሚሄድ በመሆኑ ደግሞ ከሞተር ድምፅ መሸሽ አያስፈልገውም። በሞተር ጀልባ ላይ ለሁለት አጥማጆች አራት ዘንግ ከበቂ በላይ ነው። ስድስትና ስምንት ዘንግ የሚጭኑ አሉ፤ ሆኖም ወርዱ ሁለት ሜትር በማይሞላ ጀልባ ላይ አምስተኛው ዘንግ የራሱ ውኃ አያገኝም፣ ከሌላው ላይ ይቀማል እንጂ።

ይህ ልክ ሌላም ምክንያት አለው። ጫሞና ጣና የመዝናኛ ሐይቆች ብቻ አይደሉም፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ የተመሠረተባቸው ናቸው። ከውኃው በታች የአስጋሪዎች መረብ አለ፣ በላዩም ተንሳፋፊ ምልክቶቹ ይታያሉ። ሰባት ሜትር ዘርግቶ 40 ሜትር ክር የሚጎትት ሰው በምልክቱ አጠገብ ካለፈ መረቡን ይቀድዳል፣ የሌላውን ሰው የቀን ሥራ ያበላሻል። ከመረብ ራቅ ብሎ መሄድ፣ መራቅ ካልተቻለም የውጪዎቹን ክሮች ሰብስቦ ማለፍ የአጥማጁ ግዴታ ነው። የዓሣ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሀብቱ በሥርዓት እንዲያዝ የወጣ ነው፤ የጫሞ አንድ ክፍልም በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ከመግባት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት፣ አዞዎች በሚበዙበትና «አዞ ገበያ» በሚባለው ስፍራ አካባቢ ደግሞ ማባበያ መጎተት አይገባም፤ ለአዞውም ለሰውም አደጋ ነው።

ዓሦቹም ቢሆኑ እንደ ቀድሞው አልበዙም። በጫሞ ናይል ፐርች ከመጠን ባለፈ ማስገር ተመናምኗል። በጣና ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ባርበሶች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ቁጥራቸው መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በክረምትና በመስከረም ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ አፍ ይሰበሰባሉ፤ በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ ክር መጎተት ሊራባ የመጣውን ዓሣ መልቀም ነው። እነርሱን በዚያ ወቅት መተው፣ በሌላውም ጊዜ ለእራት ከሚበቃው በላይ የያዙትን በሕይወት ወደ ውኃው መመለስ ያስፈልጋል።

ከቂርቆስ ተነሥቶ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው የድካሙን ዋጋ በዘንግ ብዛት ለማካካስ ይፈተናል። ሁለት ረጅም ዘንግ ከፊት፣ ሁለት አጭር ከኋላ፣ እያንዳንዱ በራሱ ስፋት፣ በራሱ ከፍታና በራሱ ጥልቀት፤ ከዚህ በላይ የሚጨመረው ዘንግ ዓሣ አይጨምርም፣ ትብትብ ነው የሚጨምረው። ለመረቡም፣ ለዓሣውም፣ ለጎረቤት ጀልባም እንዲሁ የራሱን ውኃ የሚተው አጥማጅ ነው ወደዚያው ሐይቅ ተመልሶ የሚያጠምድ።